ሳይሸጥ 30 ዓመት የቆየ የተራራ ብስክሌት መለዋወጫ፦ ከትንሹ ሱቅ የትኛው ይገዛል፣ የትኛው ይታለፋል?

የ1980ዎቹ ወይም የ1990ዎቹ የተራራ ብስክሌት ያለው ሰው (ዓመታቱ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) መለዋወጫ ሲፈልግ ሦስት መንገድ አለው። አንደኛው በዘመኑ ተመርቶ፣ ሳይሸጥ መደርደሪያ ላይ የቀረ ዕቃ ነው፤ አሜሪካ ውስጥ «ኒው ኦልድ ስቶክ» ይሉታል። ሁለተኛው ከሌላ ብስክሌት የተፈታ፣ ያገለገለ ዕቃ ነው። ሦስተኛው ዛሬ የሚመረት፣ በአሮጌው ላይ የሚገጥም አዲስ ዕቃ። ብዙ ሰው ሳጥኑ ያልተከፈተው ምንጊዜም ይሻላል ብሎ ያስባል። እንደዚያ አይደለም። 30 ዓመት ሳጥን ውስጥ የቆየ ብረት ያው ብረት ነው። 30 ዓመት ሳጥን ውስጥ የቆየ ጎማና ግሪስ ግን ማንም ሳይነካው አርጅቷል። ስለዚህ ዋጋ ከመጠየቃችሁ በፊት ሁለት ነገር እወቁ፦ ዕቃው ከምን ተሠራ? ልኩስ ከብስክሌታችሁ ጋር ይገጥማል? ሳጥኑ ሦስተኛ ነው።

ዕቃው ለምን ሱቅ ውስጥ ቀረ?

የተራራ ብስክሌት የተወለደው ካሊፎርኒያ፣ ማሪን ካውንቲ፣ በታማልፓይስ ተራራ ቁልቁለቶች ላይ ነው። ጆ ብሪዝ ለዚሁ ብሎ የነደፈውን ፍሬም በ1977 ሠራ። ስፔሻላይዝድ በ1981 ስታምፕጃምፐርን በብዛት ገበያ ላይ አዋለ። የጃፓኑ መለዋወጫ አምራች ሺማኖ በ1982 የመጀመሪያውን የተራራ ዕቃ ስብስቡን፣ ዲኦሬ ኤክስቲን አወጣ። ከዚያ ወዲህ ልኬቱ ቶሎ ቶሎ ይቀያየር ጀመር። ከኋላ 6 የነበረው ማርሽ 7 ሆነ፤ በ1992 ኤክስቲአር የተባለው የሺማኖ ስብስብ ሲመጣ 8፣ በ1999 ገደማ 9 ደረሰ። የኋላ ሃብ (አክሰሉ የሚያልፍበት የጎማው መሃል) ስፋት ከ130 ወደ 135 ሚሊሜትር አደገ። በ1996 ገመዱ ሁለቱን ክንዶች ከጎን የሚስብበት የሺማኖ ቪ-ብሬክ መጥቶ፣ ገመዱ ከላይ መሃሉን የሚስብበትን ካንቲሊቨር ፍሬን ከገበያ ገፋው። በመጨረሻም 26 ኢንች ጎማ ራሱ ቦታውን ለ29 እና ለ27.5 ለቀቀ።

አንድ ትንሽ ሱቅ በጸደይ 10 አዝዞ 6 ከሸጠ፣ የቀሩት 4 በሚቀጥለው ዓመት ብስክሌት ላይ አይገጥሙም። መመለስ ካልተቻለ ወደ ምድር ቤት ይወርዳሉ። ትልልቅ ሱቆች እንዲህ ያለውን በቅናሽ አራግፈው ቦታ ያስለቅቃሉ፤ ባለቤቱ ራሱ ጠጋኝ የሆነበት ትንሽ ሱቅ ግን «አንድ ቀን ይፈለጋል» ብሎ ያስቀምጣል። መሄድ ያለባችሁ እዚያ ነው።

የት ይፈለግ? አማራጮቹ ሲወዳደሩ

*አሮጌ የሰፈር ሱቅ።* ከ1995 በፊት የተከፈተና ባለቤቱ ያልተለወጠ ሱቅ ከሁሉ ይበልጣል። ምልክቱ ከውጭ ይታያል፤ መስታወቱ ላይ ዛሬ የሌሉ ማርካዎች ተለጥፈው ደብዝዘዋል፣ ከባንኮኒው ጀርባ ትንንሽ መሳቢያዎች ተደርድረዋል፣ ጥገናው ከሽያጩ ይበልጣል። የዚህ አማራጭ ትልቁ ጥቅም ዋጋው አይደለም፤ ዕቃውን በእጅ ይዞ፣ ለክቶ፣ ብስክሌቱ ላይ አስጠግቶ ማየት መቻሉ ነው። ከዚህ በታች የምንዘረዝረው ስህተት አብዛኛው እዚያው ባንኮኒ ላይ ይያዛል። ጉዳቱ ጊዜ ይወስዳል፣ አንዳንዴም ባዶ እጅ ያስመልሳል።

*የብስክሌት ኮኦፕ።* በጎ ፈቃደኞች የሚያንቀሳቅሱት፣ በልገሳ የሚሠራ የጥገና ቤት በብዙ የአሜሪካና የአውሮፓ ከተሞች አለ። አብዛኛው ዕቃ ያገለገለ ነው፤ ሱቅ ሲዘጋ የቀረውን የሚለግሰው ግን ብዙ ጊዜ ለእነሱ ስለሆነ ያልተነካም ይገኛል። ዋጋው ከሁሉ ይረክሳል። ችግሩ ጥንዱ የተለያየ መሆኑ ነው፤ ቀኙ አንድ ሳጥን፣ ግራው ሌላ ሳጥን ውስጥ ይገባል። የኮርቻ ዘንግ፣ መሪ፣ ክራንክ (ፔዳሉ የሚታሰርበት ክንድ) ለሚፈልግ ሰው ከሰፈር ሱቅ በፊት እዚህ ቢጀምር ይሻለዋል።

*የሚዘጋ ሱቅ ማጣሪያ።* ርካሽ ነው፤ መመለስ ግን የለም፣ ለመለካትም ጊዜ አይሰጥም። የብስክሌታችሁን ልኮች በቃላችሁ ካላወቃችሁ አትሂዱ።

*የኢንተርኔት ጨረታ።* የምትፈልጉትን በሞዴል ቁጥሩ በአንድ ደቂቃ ታገኛላችሁ፤ የምትከፍሉት ግን የሰብሳቢ ዋጋ ነው። ፎቶ የደረቀ ግሪስ አያሳይም፣ ጸጉር የሚያህል ስንጥቅም አያሳይም። በሌላ መንገድ ለማይገኝ አንድ የተወሰነ ዕቃ ብቻ ብትጠቀሙበት ይመረጣል።

አንድ ሱቅ ምድር ቤት ውስጥ የሚገኘው በዚያ አገር ይሸጥ የነበረው ነው። ጣሊያን ያላችሁ የካምፓኞሎን የተራራ ዕቃ፣ ጀርመን ያላችሁ የሳክስንና በዘይት ግፊት የሚሠራውን የማጉራ ፍሬን፣ እንግሊዝ ያላችሁ የሆፕና የሚድልበርንን ሥራ ከሌላው ቀድማችሁ ታገኛላችሁ። አሜሪካ ውስጥ የሚበዛው የሺማኖና የሳንቱር ነው።

ሰዓቱም ለውጥ ያመጣል። ጸደይ ላይ ቅዳሜ ከሰዓት የገባ ሰው «የለም» ይባላል፤ ስለሌለ ሳይሆን ምድር ቤት ወርዶ የሚያይ ሰው ስለሌለ። ቅዝቃዜ ባለበት አገር በጥር ወይም በየካቲት፣ በሥራ ቀን፣ ጠዋት ሂዱ። ስትጠይቁም «አሮጌ ዕቃ አለ?» አትበሉ። ባለቤቱ ዕቃውን በአእምሮው ያስቀመጠው በመሳቢያ ነው እንጂ በዘመን አይደለም። «ለ7 ማርሽ የአውራ ጣት መቀየሪያ»፣ «27.0 የኮርቻ ዘንግ»፣ «110 በ5 ብሎን የሆነ የመሃል ጥርስ» ብላችሁ በስሙ ጥሩት። ከተቻለ ብስክሌቱን ራሱን ይዛችሁ ግቡ፤ ያረጀ ብስክሌት በደንብ ተይዞ ሲያይ የማይነሳ ጠጋኝ ጥቂት ነው። ራሳችሁ እንድትፈልጉ ከፈቀደላችሁ፣ ያወጣችሁትን ሳጥን በነበረበት መልሱ። እጃችሁ የገባው ዕቃ በጣም ውድ መሆኑን እያወቃችሁ ባለቤቱ ግን ካላወቀ፣ ንገሩት። ሰውዬው 30 ዓመት ያቆየላችሁ ነው፤ በዚያ ላይ ሌላ መሳቢያ የሚከፍትላችሁ እሱ ነው።

ይዛችሁ የምትሄዱት ጥቂት ነው፦ እስከ 0.1 ሚሊሜትር የሚለካ ካሊፐር፣ የእጅ ባትሪ፣ ትንሽ ማግኔት፣ የልኮቻችሁ ዝርዝር። ማግኔቱ «አሉሚኒየም ነው» የተባለ መሪ ብረት መሆኑን ወዲያው ይነግራችኋል።

የማርሽ መቀየሪያ፦ ከሁሉ በላይ መመርመር ያለበት

እዚህ ላይ ረዘም አድርገን እንቆማለን፤ ሰው ብዙ ገንዘብ የሚያፈስበትም የሚታለልበትም ይህ ዕቃ ነው።

በ1980ዎቹ መቀየሪያው ከመሪው በላይ ተቀምጦ በአውራ ጣት የሚገፋ አንድ ዘንግ ነበር። ውስጡ ቀላል ነው፣ በቀላሉ አይበላሽም። የሺማኖ ኤክስቲ ኤም 732 የ7 ማርሽ መቀየሪያ በጣም የሚፈለገው ለዚህ ነው፤ «ጠቅ» እያለ ከመቁጠር ወጥቶ በነጻ ወደሚንሸራተት ሁኔታ መዞርም ይችላል፣ ያኔ ከየትኛውም ማርሽ አሻጋሪ (ካቴናውን ከጥርስ ወደ ጥርስ ከሚያዘዋውረው ዕቃ) ጋር ይሠራል። እንዲህ ያለው ሳይነካ ከተገኘና ዋጋው ከተለጠፈበት የድሮ ዋጋ ብዙ ካልራቀ፣ ግዙት።

ከ1990 ገደማ ጀምሮ የመጣው ከመሪው በታች ያለው ራፒድፋየር ሌላ ነገር ነው። ውስጡ ትንንሽ ጥፍሮች አሉ፤ በቀጭን ሞላ እየተገፉ ጥርስ ላይ ይያዛሉ። ፋብሪካው የቀባው ግሪስ በጊዜ ብዛት እንደ ሰም ይጠጥራል፣ ጥፍሩም ባለበት ተጣብቆ ይቀራል። አዲስ ሆኖ፣ ከነሳጥኑ፣ ከነላስቲኩ የማይሠራ መቀየሪያ ሞልቷል። ያገለገለው አንዳንዴ የሚሻለው ሲንቀሳቀስ ስለኖረ ነው።

ባንኮኒው ላይ እንዲህ ፈትሹት። ገመድ ከገባበት ጫፉን በአንድ እጅ በቀስታ ወጥሩ፤ ከሌለው በሱቁ ካለ ቁራጭ ገመድ አስገቡ። ትልቁን ዘንግ እስከ መጨረሻው እየገፋችሁ ቁጠሩ። የ7 ማርሽ ከሆነ 6 ጊዜ፣ የ8 ከሆነ 7 ጊዜ «ጠቅ» ማለት አለበት። ቀጥሎ በትንሹ ዘንግ አንድ በአንድ መልሱት፤ ያው ቁጥር መምጣት አለበት። ዘንጉ ምንም ሳይይዝ ወዲያና ወዲህ ከተወዛወዘ ግሪሱ ጠጥሯል ማለት ነው። «ጠቅ» እያለ መሃል ላይ አንዱን ከዘለለ ግን ጥፍሩ ወይም ጥርሱ ተጎድቶ ሊሆን ስለሚችል ተዉት።

የጠጠረ ግሪስ ይድናል፤ ስለዚህ ዋጋው ከቀነሰ መግዛት ይቻላል። መቀየሪያውን አትፍቱት። ሞላው ከወጣ መልሶ መግጠም እጅግ አስቸጋሪ ነው፣ የውስጥ ዕቃውም ለብቻው አይሸጥም። የገመዱን ቀዳዳ መክደኛ ብሎን አውጥታችሁ በዚያና ከታች ባለው ክፍተት ዘልቆ የሚገባ ስስ ዘይት ንፉበት፣ ሌሊቱን አሳድሩት፣ ጠዋት 30 ጊዜ ያህል ግፉት። ቡናማ ፈሳሽ ይወጣል። ፈሳሹ ጥርት ብሎ እስኪወጣ ይህን 2 ወይም 3 ጊዜ ድገሙ፤ በመጨረሻ ጥቂት ጠብታ ቀለል ያለ የማሽን ዘይት ጨምሩ። ወፍራም ግሪስ መልሳችሁ አትቀቡበት፤ ያው ችግር ይመለሳል።

ዛሬ የሚመረተው አዲስስ? ሺማኖ ለርካሽ ብስክሌት የ7 እና የ8 ማርሽ መቀየሪያ አሁንም ያመርታል፣ ከ1990ዎቹ የተራራ ማርሽ አሻጋሪው ጋርም ይገጥማል። በየቀኑ ለሚነዳ ብስክሌት ያ በቂ ነው። ለመልክና ለዘመኑ ታማኝነት ካልሆነ በቀር ለራፒድፋየር የሰብሳቢ ዋጋ መክፈል አያስፈልግም። ሳንቱር ግን ልዩ ነው፦ የአኩሺፍት መቀየሪያ ከሺማኖ ጥርስና አሻጋሪ ጋር በትክክል አይቆጥርም። ሳንቱር ከሆነ መቀየሪያውን፣ አሻጋሪውንና የኋላ ጥርሱን በአንድነት ካላገኛችሁ፣ በነጻ የሚንሸራተት መሆኑን አረጋግጡ ወይም እለፉት። ከድሮው የስራም ግሪፕሺፍት (በእጅ ተጠምዝዞ ከሚቀየረው) ኢኤስፒ የተባለውም እንዲሁ ነው፤ ለስራም የራሱ አሻጋሪ ብቻ የተሠራ ነው።

የኋላ ጥርሶች፦ ካሴት ወይስ ፍሪዊል?

ሁለቱ ከሩቅ አንድ ይመስላሉ። ፍሪዊል ከነማዞሪያው አንድ ቁራጭ ሆኖ ሃቡ ላይ በብሎን ጥርስ ይታሰራል። ካሴት ግን ማዞሪያው ሃቡ ላይ ስላለ ጥርሶቹ ብቻ ተንሸራትተው ይገባሉ። ሳጥኑን ገልብጣችሁ መሃሉን እዩ፤ ውስጡ እንደ ብሎን የተጠመዘዘ ከሆነ ፍሪዊል ነው፣ 9 ጎድጎድ መስመር ካለው ካሴት ነው።

የሚያሳስተው ካሴቱ ውስጥ ነው። ሺማኖ በ1989 ሃይፐርግላይድን ከማምጣቱ በፊት ዩኒግላይድ ነበር። የዩኒግላይድ 9 መስመሮች ስፋታቸው እኩል ነው፤ በሃይፐርግላይድ ግን አንዱ ከሌሎቹ ይለያል። በዩኒግላይድ የመጨረሻው ትንሹ ጥርስ ራሱ ተጠምዝዞ ሁሉንም ያስራል፤ በሃይፐርግላይድ ለብቻው የሆነ ማሰሪያ ቀለበት አለ። ብስክሌታችሁ ሃይፐርግላይድ ከሆነ ያልተሸጠ የ7 ወይም የ8 ካሴት ፍለጋ አትድከሙ፤ ዛሬም በርካሽ ይመረታል። ዩኒግላይድ ከሆነ ግን ያልተሸጠው ነው ዋናው መንገድ፤ ካገኛችሁ ሁለት ግዙ። ሌላ ልብ የሚባል፦ የ7 ማርሽ ካሴት ረዘም ባለው የ8 ማርሽ ሃብ ላይ የሚገባው ከኋላው 4.5 ሚሊሜትር ቀለበት ሲደረግለት ነው፤ አለበለዚያ እየተንቀጫቀጨ ይቀራል።

ያልተሸጠ የሳንቱር ወይም የሳክስ ፍሪዊል ዛሬ ከሚሸጡት ርካሾቹ በጥራት ይበልጣል፣ እንዲገዛ እንመክራለን። ነገር ግን መፍቻውን አብራችሁ ጠይቁ። እያንዳንዱ ማርካ የራሱ መፍቻ አለው፤ የሳንቱር ባለ 2 ጥርሱ በተለይ ሲፈታ ተንሸራትቶ መያዣውን ይበላል፣ ከዚያ ወዲያ ፍሪዊሉን ሳያፈርሱ ማውጣት አይቻልም። ከመግጠማችሁ በፊት የሃቡን ጥርስ ግሪስ ቀቡት።

ክራንክ፣ ቦተም ብራኬት፣ ሃብ

እነዚህ ላይ ያልተሸጠው ዕቃ በአብዛኛው ከሌላው አማራጭ ይበልጣል፤ ምክንያቱም ክራንክ የሚያረጀው በመታሰርና በመፈታት ነው። አራት ማዕዘን ቀዳዳውን በባትሪ እዩት። ጠርዙ ስለታም፣ ውስጡ ሁሉ አንድ ዓይነት ከሆነ አልተነካም። ግድግዳው ላይ የሚያብረቀርቅ የተጨፈለቀ መስመር ካለ አንዴ ታስሮ ነበር፤ ሳጥን ውስጥ ቢሆንም ያገለገለ ነው። ጥርሱ የሚታሰርበት የ5 ብሎን ክበብም ይለያያል፦ የቀድሞው 110 እና 74 ሚሊሜትር ነው፣ ከ1990ዎቹ አጋማሽ ወዲህ 94 እና 58፣ ባለ 4 ብሎኑ 104 እና 64። ለ110 አዲስ ጥርስ ዛሬም በሰፊው ይገኛል፤ የ94 እየመነመነ ነውና ክራንኩን ስትገዙ ትርፍ ጥርስ አብራችሁ ፈልጉ።

ቀጥሎ ያለው የደህንነት ጉዳይ ነው። ሺማኖ በ1997 ኤፍሲ-ሲቲ90፣ ኤፍሲ-ኤም290 እና ኤፍሲ-ኤምሲ12 የተባሉ ክራንኮችን ሊሰበሩ ስለሚችሉ ከገበያ ጠርቷል። እነዚህ ቁጥሮች ከክራንኩ ጀርባ ተቀርጸው ካያችሁ፣ አዲስም ቢሆኑ አትግዙ። በዚያው ዘመን በማሽን እየተፋቁ፣ በቀለም እያማሩ የተሠሩ በጣም ቀጭን ክራንኮችና የፍሬን እጀታዎችም አሉ። መልካቸው ያሳሳል፤ ግን ክብደት ለመቀነስ ብዙ ስለተፋቁ ስለታም ማዕዘን ላይ ስንጥቅ ይጀምራቸዋል። ለግድግዳ ከሆነ ይሁን፤ ቁልቁለት ለሚወርድ ሰው ግን አንመክርም።

የሺማኖ ዕቃ መቼ እንደተሠራ ከጀርባው ያሉት ሁለት የላቲን ፊደላት ይናገራሉ። የመጀመሪያው ዓመቱ ነው፤ «ኤ» 1976፣ ከዚያ በተራ። ሁለተኛው ወሩ ነው፤ «ኤ» ጥር፣ «ኤል» ታኅሣሥ። ስለዚህ «ኤን-ቢ» የካቲት 1989 ነው። «የ1986 ዕቃ ነው» ተብሎ «ፒ» የሚል ከወጣበት የ1991 ነው ማለት ነው።

ቦተም ብራኬት፣ ማለትም ክራንኩ የሚዞርበት አክሰልና ኩሽኔታ፣ ሁለት ልክ አለው፦ የፍሬሙ ቱቦ ስፋት (68 ወይም 73 ሚሊሜትር) እና የአክሰሉ ርዝመት (ለምሳሌ 110፣ 113፣ 118፣ 122.5)። ርዝመቱ አጥሮ ከተገዛ ትንሹ የፊት ጥርስ ፍሬሙን ይፋቃል፤ ረዝሞ ከተገዛ ካቴናው ጠምዞ ይሄዳል፣ የፊት አሻጋሪውም አይደርስም። ነባሩን አክሰል ሳትለኩ አትግዙ። ተፈትቶ ግሪስ የሚቀባው የድሮው ዓይነት ካልተነካ ዕድሜ ልክ ያገለግላል፤ ኩሽኔታው የታሸገው ግን ውስጡ የደረቀ ግሪስ ሊኖረው ስለሚችልና አዲሱም ርካሽ ስለሆነ አዲሱን ምረጡ። የእንግሊዝ ልክ ከሆነ በካቴናው በኩል ያለው በግራ ዙር ነው የሚታሰረው፤ ይህን ረስቶ በጉልበት የገፋ ሰው ፍሬሙን ያበላሻል።

ሃብ ሲሆን ቀዳዳ ቁጠሩ። የ1980ዎቹ ብዙውን ጊዜ 36፣ የ1990ዎቹ 32 ነው፤ ቸርኬያችሁ 32 ቀዳዳ ካለው የ36 ሃብ ምንም ቢያምር አይረባም። የኋላውን ስፋትም ለኩ፣ 130 ነው ወይስ 135? ያልተነካ ሃብ ገዝታችሁ እንዳለ አትንዱት። ግሪሱ ደርቋል፤ ያለ ግሪስ የሚዞሩ ብዮች የሚደገፉበትን ሾጣጣ ብሎን (ኮን) ፊት ቆፍረው ያበላሻሉ። ክፈቱት፣ በነጭ ጋዝ እጠቡት፣ አዲስ ግሪስ ሙሉበት። ብዮቹን ጭምር መቀየር ይሻላል፦ ከኋላ በየጎኑ 9 ባለ 1/4 ኢንች፣ ከፊት በየጎኑ 10 ባለ 3/16 ኢንች።

ልኩ ከተስማማ በቀላሉ የሚገዛው

የኮርቻ ዘንግ በ0.2 ሚሊሜትር ይለያያል፦ 26.4፣ 26.6፣ 26.8፣ 27.0፣ 27.2። ቁጥሩ ከታች ተቀርጿል። «ትንሽ ቀጭን ነው፣ ይታሰራል» የሚለውን አትስሙ፤ ማሰሪያው የፍሬሙን ጆሮ አጣብቆ ያጎብጠዋል፣ ዘንጉም እየወረደ ያስቸግራል። እንግዳ ልክ ያለው ዘንግ ዛሬ በቀላሉ ስለማይገኝ፣ ያልተሸጠውን መፈለግ የሚያዋጣው እዚህ ላይ ነው።

መሪ የሚይዘው ስቴም ፍሬሙ ውስጥ የሚገባ ከሆነ 22.2 (ለ1 ኢንች)፣ 25.4 (ለ1 1/8) ወይም 28.6 (ለ1 1/4) ነው። የመጨረሻው ለጥቂት ዓመታት ብቻ ስለተሠራ ለብስክሌታችሁ የሚሆነውን ካገኛችሁ አትለፉት። የፊት አሻጋሪ ማቀፊያ 28.6፣ 31.8 ወይም 34.9 ነው፤ ገመዱ ከላይ ነው ከታች የሚስበው የሚለውንም እዩ።

ፍሬን ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ አለን። የካንቲሊቨር እጀታ ለቪ-ብሬክ የሚበቃ ገመድ አይስብም። ሁለቱን አደባልቆ የገጠመ ሰው እጀታው ልፍስፍስ ብሎ እስከ መሪው ይገባበታል፤ የፍሬኑ ጎማ ቸርኬውን የሚነካው በጣም ተጠግቶ ሲታሰር ብቻ ነው፣ ቸርኬው ትንሽ ከተጣመመም ይፋቃል። በ1986 እና በ1988 መካከል ከተሠሩ ብዙ ፍሬሞች ጋር የሚመጣው ዩ-ብሬክም የማሰሪያ ምሶሶው ከቸርኬው በላይ ስለሆነ ካንቲሊቨር አይቀበልም።

የማይገዛው

ጎማ፣ ካላማዳሪያ፣ የፍሬን ጎማ፣ የመሪ መያዣ ስፖንጅ፣ ስፖንጅ መሰል ላስቲክ ያለው የፊት ፎርክ። እነዚህ ላይ ያልተሸጠው ዕቃ ሁልጊዜ ከአዲሱ ያንሳል።

ጎማ ካማራችሁ ግድግዳውን በሁለት እጅ አጥፋችሁ ባትሪ አብሩበት። ቡናማ ግድግዳ ያለው ቀድሞ ይደርቃል፤ እንደ በጋ ጭቃ የተሰነጣጠቀ ቀጭን መስመር ከታየ ለመንዳት አይሆንም። መስኮት ላይ ተሰቅሎ የኖረ ከሆነ ፀሐይ ጨርሶታል። ቁጥሩንም አንብቡ፦ ለተራራ ብስክሌት 559 የሚል መሆን አለበት። «26» የሚል ጎማ ሁሉ አንድ አይደለም፤ «26 x 1 3/8» የተባለው 590 ሲሆን በምንም ዓይነት አይገጥምም። የፍሬን ጎማ ላይ ጥፍራችሁን ተጫኑ፣ ምልክት ካልቀረ ደርቋል። አዲሱ በብሎን የሚታሰረውም ለስላሳ ዘንግ ያለውም ዛሬ ስለሚመረት ለአሮጌው ገንዘብ አትክፈሉ።

የፊት ፎርክ ላይ የሚያሳዝነው የውስጡ ላስቲክ ነው። በ1990ዎቹ ብዙ ፎርኮች በሞላ ፈንታ ይህን ተጠቅመዋል፤ ሳይነካም ወይ ይጠጥራል ወይ እንደ ማር ይቀልጣል። መተኪያ ላስቲክ ወይም ሞላ እንደሚገኝለት ካላረጋገጣችሁ ዕቃው ጌጥ ነው። ያልተሸጠ ፎርክ ጥቅሙ ያልተቆረጠ የመሪ ቱቦው ነው፤ ከሌላ ብስክሌት የተፈታ ፎርክ አብዛኛውን ጊዜ አጥሮ ይመጣል።

ሳጥኑ ይከፈት

«ያልተከፈተ» የተባለ ሳጥን ብዙ ጊዜ አንዴ ተከፍቷል። ጠጋኙ ለደንበኛ አንድ ብሎን ወይም አንድ ሞላ ቸግሮት ከዚያ ያወጣና «እመልሰዋለሁ» ብሎ ይረሳል። ስለዚህ ባለቤቱ ፊት ከፍታችሁ ቁጠሩ። ካንቲሊቨር ከሆነ ለአንድ ጎማ 2 ክንድ፣ 2 ሞላ፣ 2 ማሰሪያ ብሎን፣ 2 የፍሬን ጎማ፣ መሃሉን የሚያገናኘው ገመድ። ቀኙና ግራው ሞላ ይለያያል፤ ሁለቱም አንድ ዓይነት ከሆኑ አንዱ ክንድ ወደ ውጭ አይመለስም። የጎደለውን ብሎን ሱቁ መሳቢያ ውስጥ ያገኝላችኋል፣ ሞላውን ግን አያገኝም፤ ዋጋው ላይ የምትነጋገሩት በዚህ ነው።

ወደ ባሕር ዳር፣ ሐዋሳ ወይም መቀሌ፣ ብስክሌት የዕለት መጓጓዣ ወደሆነበት ከተማ፣ ለዘመድ የምትልኩ ካላችሁ ምርጫችሁ ከሰብሳቢው ይለያል። ሻንጣ ውስጥ ቦታ የማይይዝና የሚያገለግል ዕቃ ውሰዱ፦ የ6 ወይም የ7 ማርሽ ፍሪዊል ከነመፍቻው፣ የአውራ ጣት መቀየሪያ፣ አዲስ የፍሬን ጎማ፣ ሁለት መጠን ብይ። ዘመዳችሁ የፍሪዊሉን ውስጥና የቸርኬውን ቁጥር በስልክ ፎቶ አንስቶ እስኪልክላችሁ ድረስ አትግዙ።